የጋሽ ጠና ከረጢት

ጣቢታ ተረፈ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ የሠላሳ ዓመት ሥራ በሦስት ጧት አቃጥላ ጨረሰች። በክፋት አልነበረም። ካውያ ልታግል ብላ ነው።

ነገሩ የሆነው በ1959 ዓ.ም. ክረምት ነው። ጣቢታ ያን ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ በሚገኝ የሴቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት የልብስ ቅድና ስፌት፣ የሱቅ አያያዝም ትማራለች። ሦስተኛ ዓመት የደረሰች ተማሪ ሁሉ ክረምቱን አንድ ሱቅ ገብታ ትሠራና፣ «ሥራ ታውቃለች» የሚል ባለሱቁ የፈረመበት ወረቀት ይዛ ትመለሳለች። ያለ ወረቀቱ ዲፕሎማ የለም። ለጣቢታ ደግሞ ነገሩ ከዲፕሎማም ያልፋል። አባቷ የሚያስተምሩበት የአንጋጫ ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የስፌት መምህርት ሊቀጥር ቦታ ይዞላታል። «ጥቅምት ሳይገባ ዲፕሎማሽን ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ ግን ሌላ ሰው ይገባበታል» ተብላለች።

ጓደኞቿ የአዲስ አበባን ትልልቅ ሱቆች ሲሻሙ እሷ ሆሳዕናን መረጠች። ለአገሯ ይቀርባል ብላ ብቻ አይደለም። ዓይን አፋር ናት፤ የማታውቀው ሰው ሲያናግራት አንገቷ ድረስ ትቀላለች፣ መልሷም ከጉሮሮዋ ሳይወጣ ይቀራል። ሜትሯን፣ ጠመኔዋንና ተጠቅልሎ በክር የታሰረ የወረቀት ቅዷን ይዛ፣ በሐምሌ ጭቃ ከአውቶቡስ ወርዳ የአቶ ወልደኪዳንን ሱቅ ጠየቀች።

አቶ ወልደኪዳን በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክመው የመጡ፣ ዛሬ ባለ ሁለት በር ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። በአንዱ በር አቡጀዲ፣ ካኪና ፖፕሊን ይሸጣል። በሌላው በር፣ በረንዳው ላይ፣ ጋሽ ጠና በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና ይሰፋሉ። ጋሽ ጠና የሐዲያ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ በአፋቸው ጠርዝ ሁልጊዜ መርፌ የሚይዙ። አንድ ነገር ሲጠየቁ መርፌውን ከአፋቸው እስኪያወጡ ድረስ ጠያቂው ጥያቄውን ይረሳዋል።

መጀመሪያ ቀን ጣቢታ የወረቀት ቅዷን ባንኮኒው ላይ ዘረጋች። ጋሽ ጠና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ ጋሼ። የመካከለኛ ሴት ልክ ነው።»

መርፌያቸውን አወጡ። «መካከለኛ ሴት የት ነው የምትኖረው? ሀቢቾ ናት?»

አቶ ወልደኪዳን ከውስጥ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጣቢታ ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው፤ ከዚያ ቀን በኋላም አልፈታችውም። ቁልፍ እየተከለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ እየጠለፈች፣ ጧት ጧት የከሰል ካውያውን እያጋለች አሥር ቀን አለፈ። ዝናቡ መንገዱን ስለዘጋው የገጠር ሴቶች ወደ ከተማ አይመጡም። የሚመጣው የካኪ ሱሪው ጉልበት የተቀደደበት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጋሽ ጠና ሴት ሲለኩ አንድም ቀን አላየችም። እንዴት እንደሚለኩ ልትጠይቃቸው አሥር ጊዜ አስባ አሥሩንም ጊዜ አፈረች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጋሽ ጠና ለለቅሶ ወደ ሙዱላ ሄዱ። ጣቢታም በልቧ ያሰበችው ነገር ነበር። ትምህርት ቤት፣ «ገዢ ከእጁ በፊት በዓይኑ ይገዛል» ተብላለች። ሱቁን እንዲህ አሳምራ ብትጠብቃቸው ጋሽ ጠናም እንደ ሰው ይቆጥሯት ይሆናል። መደርደሪያውን አራግፋ ፖፕሊኑን ከነጭ እስከ ጥቁር በቀለም ደረደረችው። የራሷን ሽንሽን ቀሚስ በሩ ላይ ሰቀለች። አቶ ወልደኪዳን መጀመሪያ፣ «ሱቄን የሰርግ ቤት አደረግሽው» ብለው አጉረመረሙ። በማግስቱ አንዲት የመምህር ሚስት ቀሚሱን አይታ ገብታ ስድስት ክንድ ፖፕሊን ስትገዛ ግን ማጉረምረማቸውን ተዉ።

ከበሩ ኋላ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ የጆንያ ከረጢት ተሰቅሎ ነበር። ጣቢታ እጇን ሰድዳ ያወጣችው የደረቀ የእንሰት ቃጫ ነው፤ ግራጫ የሆነ፣ እዚህም እዚያም የተቋጠረ፣ ጫፉ ላይ ብጣሽ ጨርቅ የታሰረበት። የአይጥ ሽታ ይሸታል። ጋሽ ጠና ዕቃ ያሰሩበትን ሁሉ ያጠራቀሙት መሰላት። ከሰሉ በክረምቱ ርሶ እምቢ ሲላት አንድ እፍኝ ቃጫ ከሥሩ አደረገች። ቦግ አለ። ሁለተኛውም ጧት እንዲሁ። በሦስተኛው ጧት ከረጢቱን አራግፋ የቀረውን ጨመረችና ባዶውን ከረጢት አጥፋ መልሳ ሰቀለችው።

ጋሽ ጠና በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። በሩ ላይ ቆመው መደርደሪያውን አዩ፣ ቀሚሱን አዩ፣ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። የጣቢታ ልብ በደስታ ዘለለ። ከዚያ ጋቢያቸውን ሊሰቅሉ ወደ በሩ ኋላ ዞሩ።

«ከረጢቱስ?»

«አጥፌዋለሁ፣ ጋሼ።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ለካውያው…» አለች።

ጋሽ ጠና አልጮሁም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ፤ ገለበጡት። ከስፌቱ መሐል አንዲት ቀይ ባለ ነጭ ነጠብጣብ ብጣሽ ወደቀች። አንሥተው ኪሳቸው ከተቷትና፣ ጋቢያቸውን መልሰው ለብሰው በዝናቡ ወጡ።

የጮሁት አቶ ወልደኪዳን ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ ምን ማድረግሽ ነው? ያ የሰው ሁሉ ልክ ነው! ከሀቢቾ እስከ ሙዱላ፣ እናት ከነልጇ፣ ሰው ከነአማቱ እዚያ ከረጢት ውስጥ ነው ያለው!»

እየጮሁ ነገሯት። አንዲት ሴት መጀመሪያ ጋሽ ጠና ዘንድ ስትመጣ ከጓሮዋ እንሰት በገዛ እጇ የገመደችውን ቃጫ ይዛ ትመጣለች። እሳቸው ከትከሻዋ ጀምረው ይለኩና ወገቧ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ሌላ ቋጠሮ ያስራሉ። ጫፉ ላይ የመጀመሪያ ቀሚሷን ብጣሽ አስረው ከረጢት ያገባሉ። ከዚያ ወዲያ ዓመት በመጣ ቁጥር ለመስቀል ልብስ ስታሰፋ ያ ቃጫ ይወጣል። ሌላ መዝገብ የለም፤ ጋሽ ጠና ፊደል አልቆጠሩም።

ጣቢታ ክው ብላ ቀረች። ቦግ ሲል ደስ ያላት እሳት ትዝ አላት። እፍ ብላ ያነደደችው ሰው ነው።

«ለመስቀል አንድ ወር ከሳምንት ቀረው» አሉ አቶ ወልደኪዳን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይህ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራት። «ጠና ስሙ ከጠፋ የኔም ሱቅ ጠፋ። አንቺም ወረቀት ብለሽ እንዳትመጪብኝ።»

ያን ዕለት ስታለቅስ አመሸች። ሲነጋ ደብተሯን አወጣችና አቶ ወልደኪዳንን በዚያ በማይሰማ ድምፅዋ፣ «ስማቸውን ይንገሩኝ» አለቻቸው። አርባ አንድ ስም ጻፈች። ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ገበያ ለገበያ፣ ቤት ለቤት ዞረች። ሰው ማናገር የምትፈራው ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ሰው ለካች።

ሀቢቾ ገበያ ላይ እማማ ትርፊት የተባሉ ባልቴት ቆጮ ሲሸጡ አገኘቻቸው። ሜትሩን ከትከሻቸው ወደ ታች ስትለቀው ዘለው ተነሡ።

«ልትቀብሪኝ ነው የምትለኪኝ?»

«ኧረ አይደለም፣ እማማ። ለመስቀል ቀሚስዎ ነው።»

«ጠና ልኬን ይዞት የለ? ቃጫዬስ?»

ጣቢታ አንገቷ ድረስ ቀላች። «አሁን በሜትር ሆኗል። የትምህርት ቤት ሕግ ነው።»

«ይሄ ሜትርሽ እባብ ነው፤ ይቀዘቅዛል» ብለው ሌሎቹን ሴቶች አሳቁ። ቢሆንም ቆመው ተለኩላት። ጣቢታ ቁጥሩን ጻፈች። በሕይወቷ እንዲህ ዓይን እያየ ዋሽታ አታውቅም።

ሜዳው ቢጫ መልበስ በጀመረበት ሳምንት ደብተሩን ይዛ ጋሽ ጠና ፊት ቆመች። «ሠላሳ ስምንቱን አግኝቻለሁ፣ ጋሼ። ከዚህ ሊቀዱ ይችላሉ።»

ጋሽ ጠና ከመኪናው ሥር አንድ ቅርጫት በእግራቸው ገፋ አደረጉላት። በውስጡ የተቀደደ ፖፕሊንና አቡጀዲ ተከምሯል፤ እያንዳንዱ በክር ታስሮ። «ይሄ የብሩ ሚስት ነው። ይሄ የትርፊት» አሉ።

ጣቢታ አልገባትም። የእማማ ትርፊትን ጨርቅ ዘርግታ በሜትሯ ለካችው፤ ከደብተሯ ጋር አስተያየችው። ልዩነቱ ግማሽ ጣት አይሞላም። ሌላውን ለካች፤ ያም እንዲሁ። ሦስተኛውን ለክታ ሜትሯን አስቀመጠች።

«በምን ለኩት?»

«ዓይን ምን ሥራ አለው?»

«ቃጫው ተቃጥሎ የለም እንዴ?»

መርፌውን ከአፋቸው አወጡ። «በቃጫ ሰፍቼ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቃጫ ይሰፋል? ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይጎብጣል።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጡት?»

«ለኔ አይደለም፤ ለነሱ ነው። ስትመጣ አወጣዋለሁ። ከትከሻዋ አደርገዋለሁ። ያው ነሽ እላታለሁ።»

«ያው ናቸው?»

ጋሽ ጠና አውራ ጣታቸውን አሳዩዋት፤ በስፌት ብዛት የደነደነ ሰፊ አውራ ጣት። «ቋጠሮውን በዚህ እይዘዋለሁ። የት እንደወደቀ አይታይም።»

ጣቢታ ደብተሯን ዘጋች። በሦስት ሳምንት ጭቃ ያጠራቀመችው ቁጥር ማንም የማይፈልገው ቁጥር ነው። ያቃጠለችው ደግሞ ልክ አልነበረም። ምን ብላ ትተካዋለች?

መላው የአቶ ወልደኪዳን ነው። «ቃጫ ገበያ ሙሉ አለ» አሉ። «ግመጂ፣ ቋጥሪ፣ ጭስ ላይ ስቀዪው፤ አሮጌ ይመስላል። ብጣሹንም ጠና ይነግርሻል። ማንም ሳይነቃ መስቀል ካለፈ ወረቀትሽን እፈርማለሁ። ከተነቃ ግን ያየሁትን ነው የምጽፈው።» ጋሽ ጠና እሺም እምቢም አላሉም፤ ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። ይሁንና ጣቢታ ስም በጠራች ቁጥር ብጣሹን ይነግሯታል፤ «የሷ ሰማያዊ ነበር»፣ «የሷ አበባ ያለው» እያሉ። የትርፊት ላይ ሲደርሱ ቀዩዋን ባለ ነጭ ነጠብጣብ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ከእሳት የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች።

ጣቢታ አርባ አንድ ሰው ገመደች። ጥቀርሻና ቅቤ ቀባቻቸው፣ ጓዳ ጭስ ላይ ሰቀለቻቸው። ስትገምድ ማታ ማታ አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሚያነቡት «በሐሰት አትመስክር» በጆሮዋ ያቃጭል ነበር። አንጋጫም ትታያት ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የተደረደሩት ልጆች። እየታያት ገመደች።

ለመስቀል አምስት ቀን ሲቀረው በነበረው የገበያ ቀን ሱቁ ጢም ብሎ ሞላ። ጋሽ ጠና ቃጫ እያወጡ፣ ትከሻ ላይ እያደረጉ፣ «ያው ነሽ» ይላሉ። ሴቶቹ «ውሸታም!» እያሉ ይስቃሉ፤ ፊታቸው ግን ይበራል። ቀሚሳቸውን ታቅፈው ይወጣሉ። አሥራ ሰባት ሰው እንዲህ አለፈ። ጣቢታ መተንፈስ ጀመረች።

እማማ ትርፊት ቆጯቸውን ሸጠው ከሰዓት በኋላ ገቡ። ጋሽ ጠና ቃጫውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ «ያው ነሽ፣ ትርፊት።» እማማ ትርፊት እንደሌሎቹ አልሳቁም። ቃጫውን ከጋሽ ጠና እጅ ወስደው በሁለት ጣቶቻቸው አሽከረከሩት። ብጣሿን አዩ፤ እንደገና አሽከረከሩት።

«ጠና፣ ይሄ የማን ነው?»

«የማን ይሆናል? ያንቺ ነዋ» አሉ አቶ ወልደኪዳን ከባንኮኒው ፈጥነው።

«አንተን አልጠየቅሁም። ጠና፣ እኔ ግራኝ ነኝ። እጄ የሚገምደው ወደ ግራ ነው። ይሄ ወደ ቀኝ ተገምዷል። ብጣሿ የኔ ናት፤ ቃጫው የማን ነው?»

ጋሽ ጠና መርፌውን ከአፋቸው አወጡ፤ መልሰው ያዙት። በር ላይ የነበረ አንድ ሰው፣ «ልኳን ለሌላ ሰጥቶባት ይሆናል» ብሎ አጉተመተመ። አቶ ወልደኪዳን ጣቢታን አዩዋት፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም በይ ማለታቸው ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ጣቢታ።

ማንም አልሰማትም።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «ካውያ ላግል ብዬ ነው። የሁላችሁንም አቃጥዬዋለሁ። ይሄን የገመድኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ጠና ምንም አላጠፉም።»

አንዲት ሴት «ውይ!» ብላ የታቀፈችውን ቀሚስ ጣለች። በር ላይ ያለው ሰው፣ «የሚስቴም?» አለ። «የእርስዎም ሚስት» አለች ጣቢታ። አቶ ወልደኪዳን ባንኮኒው ላይ በክርናቸው ተደግፈው ፊታቸውን ሸፈኑ።

እማማ ትርፊት ልጅቷን ትክ ብለው አዩዋት። «በእባብሽ የለካሽኝ ለዚህ ነበር?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለካውያ!» አሉ። «እኔን ለካውያ!» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጣቢታ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር፤ ሳቅ ነው። ሳቃቸው እስኪያልቅ ሰው ሁሉ ጠበቃቸው።

«ቀሚሴን የማጥበው እኮ እኔ ነኝ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አዲሱን በአሮጌው ላይ ሳሰጣው ዓመት ዓመት በጣት ያጥራል። ጠና ያው ነሽ ይለኛል፤ እኔ ወደ መሬት እየቀረብኩ እንደሆነ አውቃለሁ።»

ጋሽ ጠና በድንጋጤ መርፌውን ከአፋቸው ጣሉት። «ታውቂ ነበር?»

«ቂል አደረግኸኝ እንዴ? ሰው ዓመቱን ሙሉ እውነት ሲነገረው ይከርማል። አንድ ቀን ያው ነሽ ብትባል ማንን ይጎዳል?» ብለው ጎንበስ አሉ። ከቆጯቸው መያዣ ላይ የቀረውን ቃጫ ፈትተው፣ እንደቆሙ፣ በግራ እጃቸው ገመዱት። ከዚያ ለጋሽ ጠና ሳይሆን ለጣቢታ ዘረጉላት። «በይ ለኪኝ። በዚህ ለኪኝ፤ እባብሽን አልፈልግም።»

ጣቢታ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ባንኮኒው ላይ አኖረች። ቃጫውን ከትከሻቸው ለቀቀችው፣ ወገባቸው ላይ ቋጠረች፣ ተንበርክካ ከጠርዙ ቋጠረች። ቀዩዋን ብጣሽ ከሐሰተኛው ፈትታ በእውነተኛው ላይ አሰረቻት። ከዚያ ቀና አለች። እማማ ትርፊት ይጠብቃሉ፤ ሱቁ ሁሉ ይጠብቃል።

«በያቸው እንጂ» አሉ ጋሽ ጠና።

ልትል ሞከረች፤ አልወጣ አላት። «ዘንድሮ… እንዲህ ነዎት፣ እማማ» አለች።

እማማ ትርፊት ከንፈራቸውን መጠጡ። «ይሁን። ለከርሞ ትማሪያለሽ።»

በዚያ ሳምንት የሰማ ሁሉ ቃጫውን ይዞ መጣ። የተቆጣም ነበር፤ አንድ ሁለቱ ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄዱ። አቶ ወልደኪዳን ቃላቸውን አላጠፉም፤ ያዩትን ጻፉ። «ሥራ ታውቃለች። የሱቁን ዕቃ አቃጥላለች። ጠይቀናት ሳይሆን ራሷ ተናግራለች።» ትምህርት ቤቱ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሌላ አላየም። «ልምምዱን ለከርሞ ድገሚ» ተባለች። የአንጋጫው ቦታ ጥቅምት ላይ ለሌላ ሴት ተሰጠ። አባቷ ነገሩን ሲሰሙ አልተናገሯትም፤ ያን ማታ ግን እራት አልበሉም። ጣቢታ ይህን ለብዙ ጊዜ አልረሳችውም።

በሚቀጥለው ክረምት ትምህርት ቤቱ የት ልትመደብ እንደምትፈልግ ሲጠይቃት፣ «ሆሳዕና፣ እዚያው» አለች። ጋሽ ጠና ስትገባ አይተው በእግራቸው በርጩማ ገፋ አደረጉላት። ከበሩ ኋላ ከረጢቱ ሞልቶ ተሰቅሏል።

ለመስቀል ስድስት ቀን ሲቀረው እማማ ትርፊት በበትር ተደግፈው መጡ። ጋሽ ጠና ከመኪናቸው አልተነሡም። ጣቢታ ወደ ግራ የተገመደውን ቃጫ አወጣች፣ ከትከሻቸው አድርጋ ወደ ታች ለቀቀችው። ደነገጠች። አምና ጠርዙ ላይ የቋጠረችው ቋጠሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሦስት ጣት ሙሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጣት! ቀና ብላ ጋሽ ጠናን ፈለገቻቸው። ጋሽ ጠና መርፌያቸውን ነክሰው ጨርቃቸውን ያያሉ።

«እህስ?» አሉ እማማ ትርፊት።

ጣቢታ እጇን አየችው። ሳታዘው አውራ ጣቷ ቃጫውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ቋጠሮውን ሸፍኖታል።

«ያው ነዎት፣ እማማ» አለች።

«ውሸታም!» አሉ እማማ ትርፊት፤ ፊታቸውም በራ።